ጥቅስና ፈቃድ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን የማተምና የመጥቀስ መብት ታሪክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ከዕለት ሥራችን ጥቂት ራቅ ያለ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በባልደረቦቼ መካከል ደጋግሞ ሲነሣ የምሰማውን አንድ ጥያቄ መረጥሁ። በሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ላይ፣ በሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ መክፈቻ ገጽ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቃል መጥቀስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ የሚጠይቀው ማንን ነው? አንዱ «የእግዚአብሔር ቃል ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ ከሰው ምን ፈቃድ ይጠየቃል!» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሌላው ስለ ቅጂ መብት ሕግ መውጣት ሰምቶ ኖሮ፣ አንዲት ቁጥር ለመጥቀስ እንኳ ደብዳቤ መጻፍ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። ሁለቱም መልሶች የችኮላ ናቸው። «ፈቃድ» የምንለው ነገር በየዘመኑ የተለያየ ትርጕም የነበረው በመሆኑ፣ ታሪኩን ሳይመረምሩ መልስ መስጠት አይቻልም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በብራና ዘመን መጽሐፍ ውድ ንብረት ነበር። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈለጋል፤ ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። ስለዚህም በመጽሐፉ መጨረሻ ወይም በመግቢያው ባዶ ቅጠል ላይ የባለቤቱ ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የጸሐፊው ስም ከጸሎት ልመና ጋር ይሰፍራል። ቀጥሎም መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃል ይጻፋል። ይህን ግዝት ብዙዎቻችን በየገዳማቱ መጻሕፍት ላይ አይተነዋል። ልብ ያላልነው ነገር ግን አንድ ነው፤ ግዝቱ የሚጠብቀው ብራናውን እንጂ ቃሉን አይደለም። መስረቅና መፋቅ ይከለከላል፤ መገልበጥ አይከለከልም። እንዲያውም መጽሐፍ አስጽፎ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ታላቅ ጽድቅ ስለ ነበር፣ የሚገለብጥ ሰው ይመረቅ ነበር እንጂ አይከሰስም ነበር። ቃል ባለቤት የሌለው፣ መጽሐፍ ግን ባለቤት ያለው ነገር ነበር ማለት ነው።

ይህን ሥርዐት ያናጋው የማተሚያ መሣሪያ መምጣት ነው። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 ዓ.ም. በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ አሳትመዋል። ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚገርመው የሥራው ሁኔታ ነው። ፊደሉን የሚለቅሙት ጣልያኖች ግእዝ አያነብቡም፤ ግእዝ የሚያነብቡት መነኮሳት የኅትመት ሥራ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮንም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ ይህንኑ ሁኔታ ገልጸዋል። በብራና ላይ አንድ ስሕተት የሚያበላሸው አንድ መጽሐፍ ነው፤ በማተሚያ መሣሪያ ግን አንድ ስሕተት በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ይባዛል። ካፒታልም በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ወረቀቱ፣ እርሳሱና የሠራተኛው ደመወዝ አንድም ቅጂ ሳይሸጥ ይከፈላል። ከነዚህ ከሁለቱ፣ ማለት ከስሕተት ፍርሃትና ከገንዘብ ሥጋት፣ ኋላ የድርሰት መብት የተባለው ነገር ተወለደ።

ነገሩ ከሁሉ ጐልቶ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር «ፈቃድ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ከገንዘብ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ አሩንዴል በ1409 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያለ ቤተ ክህነት ፈቃድ ወደ እንግሊዝኛ መተርጐም ተከለከለ። ዊልያም ቲንዴል ይህን ፈቃድ ቢያጣ ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በ1526 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ መጻሕፍቱም በጨርቅ ጥቅልል መካከል እየተደበቁ ገቡ። እርሱ ራሱ በ1536 ዓ.ም. በብራስልስ አጠገብ በሞት ተቀጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1537 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የፈቀደው መጽሐፍ ቅዱስ በአደባባይ ይሸጥ ጀመር። የትርጉሙ አብዛኛው ክፍል የቲንዴል ነበር። በርእሱ ገጽ ላይ የተጻፈው ስም ግን «ቶማስ ማቲው» የሚል የተፈጠረ ስም ነበር። ቃሉ ተፈቀደ፤ የተረጐመው ሰው ስም አልተፈቀደም። ይህ ነገር በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የንጉሡ ፈቃድ ቀስ በቀስ ወደ ንግድ ተለወጠ። ዘውዱ መጽሐፍ ቅዱስን የማተም ልዩ መብት ለአንድ አታሚ በደብዳቤ ይሰጣል፤ ሌላ ሰው ቢያትም ይከሰሳል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲም ከ1534 ዓ.ም. ጀምሮ የማተም ፈቃድ ነበረው። በ1611 ዓ.ም. የወጣውን የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ያተመው የንጉሡ አታሚ ሮበርት ባርከር ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የተሸጠውን መጽሐፍ ብቻውን የማተም መብት የነበረው ይህ ሰው ባለጠጋ ሆኖ ሞተ ብሎ የሚገምት ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ወጪው ከገቢው ቀደመ፤ ከሽርካዎቹ ጋር ዘመኑን በሙሉ ሲካሰስ ኖረ።

በ1631 ዓ.ም. ደግሞ የባሰው መጣ። ባርከርና ባልደረባው ማርቲን ሉካስ ባተሙት መጽሐፍ ቅዱስ በዐሠርቱ ትእዛዛት ክፍል ውስጥ፣ ዝሙትን ከሚከለክለው ትእዛዝ አሉታውን የሚያመለክተው አንድ ትንሽ ቃል ቀረ። ትእዛዙም ክልከላ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ሆነ። (በአማርኛ አሉታው ከግሱ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራት ይከብዳል፤ ቋንቋችን ለፊደል ለቃሚ ርኅሩኅ የሆነበት ቦታ ይህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።) ንጉሡ ተቈጣ፤ ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ላይ 300 ፓውንድ መቀጫ ጣለ፤ መጻሕፍቱም ተሰብስበው እንዲጠፉ ታዘዘ። ባርከር በመጨረሻ በዕዳ ምክንያት ታስሮ በእስር ቤት ሞተ።

በእኔ አስተያየት የዘውዱ መብት ጠበቆች እስከ ዛሬ የሚያቀርቡት ከሁሉ የተሻለ ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ታሪክ ነው። መጽሐፉን የፈለገ ሁሉ እንዳሻው ካተመው፣ ለስሕተቱ ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይኖርም፤ አንድ አታሚ ብቻ ካተመው ግን የሚቀጣ አለ። እኛም ብንሆን በአንድ ድልድይ ንድፍ ላይ ማን እንደ ፈረመበት ማወቅ የምንፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሙሉ አይደለም። የ1631ን ስሕተት የሠራው ያለ ፈቃድ ያተመ ሌባ አይደለም፤ ብቸኛው ባለ ፈቃድ ራሱ ነው።

የንጉሡ ፈቃድ በባሕር ማዶም ይሠራ ነበር። የአሜሪካ ክፍላተ አገር በእንግሊዝ ሥር ሳሉ መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ የማተም መብት አልነበራቸውም፤ ከለንደን ያስመጡ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ መጻሕፍቱም ቀሩ። በፊላደልፊያ የነበረው ሮበርት ኤትከን በ1777 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን፣ በ1782 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ አተመ፤ የአገሩም ኮንግሬስ ሥራውን አመስግኖ ለሕዝቡ አስታወቀለት። የዘውዱ ፈቃድ ያበቃው በሕግ ክርክር ሳይሆን በነጻነት ጦርነት ነው።

በእንግሊዝ አገር በራሱ ሕጉ ተለወጠ። በ1710 ዓ.ም. የወጣው የንግሥት አን ሕግ የማተም መብት የደራሲው መሆኑንና ዘመኑም የተወሰነ መሆኑን ደነገገ፤ በ1774 ዓ.ም. የጌቶች ምክር ቤት የዘላለም የድርሰት መብት የሚባል ነገር እንደሌለ ፈረደ። የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ፤ መብቱ የሚመነጨው ከድርሰት ሕግ ሳይሆን ከዘውዱ ሥልጣን ነው ተብሎ። ይህ መብት ዛሬም አለ። ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ይህን ትርጉም በአሜሪካ ወይም በአዲስ አበባ ማንም ሊያትመው ሲችል፣ በብሪታንያ ግን የዘውዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የዘውዱ አታሚ የሆነው የካምብሪጅ ማተሚያ ቤት ለአምልኮና ለትርፍ ላልሆነ ትምህርት እስከ 500 ቁጥር ድረስ ያለ ጥያቄ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ጥቅሱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንዳይሆን፣ ከጠቃሹም ሥራ ሩቡን እንዳይደርስ ብቻ ይጠይቃል። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ትርጉሞች መግቢያ ላይ የምናገኘው «500 ቁጥር» የሚለው ልክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የአሳታሚዎች ልማድ ነው።

አሁን ወደ 1881 ዓ.ም. ልለፍ፤ ይህን ታሪክ ከሌላው ይልቅ በሰፊው ባወራው አንባቢ ይቅር ይለኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ1870 ዓ.ም. የንጉሥ ጄምስን ትርጉም የሚያርሙ ሊቃውንት ሰየመች። ሊቃውንቱ ከ10 ዓመት በላይ ደከሙ። ወጪውን የሸፈኑት የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች ናቸው፤ ስለዚህም 20,000 ፓውንድ ከፍለው የማተሙን መብት ለራሳቸው ያዙ። እዚህ ላይ «ፈቃድ» ሦስተኛ ትርጕም አገኘ። አሁን የሚጠበቀው የንጉሡ ሥልጣንም፣ የቤተ ክህነት ሥርዐትም አልነበረም፤ ገንዘብ አውጥቶ ሊቃውንትን ያሠራ ሰው ያወጣውን መልሶ የማግኘት ተስፋ ነበር።

የታረመው ሐዲስ ኪዳን በግንቦት 1881 ዓ.ም. በለንደን ወጣ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በኒው ዮርክ መሸጥ ጀመረ። በቺካጎ የነበሩ ሁለት ታላላቅ ጋዜጦች፣ ታይምስና ትሪቢዩን፣ መጽሐፉን በሙሉ በእሑድ ጋዜጣቸው ለማውጣት ተሽቀዳደሙ። አራቱ ወንጌላት፣ የሐዋርያት ሥራና ለሮሜ ሰዎች የተጻፈው መልእክት፣ ማለት ወደ 118,000 የሚጠጋ ቃል፣ ከኒው ዮርክ ወደ ቺካጎ በቴሌግራፍ ተላለፈ። የቀረው በባቡር ከደረሰው መጽሐፍ ተለቀመ። ትሪቢዩን ለዚህ ሥራ 92 ፊደል ለቃሚዎችና 5 አራሚዎች አሰልፎ በ12 ሰዓት ጨረሰ።

አንድ ፈጣን የቴሌግራፍ ሠራተኛ በደቂቃ 30 ቃል ይልካል ብለን ብናሰላ፣ 118,000 ቃል በአንድ መስመር ለማስተላለፍ ከ65 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ መስመሮች በአንድነት ሠርተዋል ማለት ነው። ማቴዎስ በአንዱ ሽቦ፣ ሉቃስ በሌላው፣ ነጥብና ሰረዝ ሆነው ሲጓዙ፣ በዚያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሠራተኛ በየቃሉ እየጻፈ ለለቃሚው ሲያቀብል ማሰብ ለእኔ ከማንኛውም የኅትመት ታሪክ የበለጠ ደስ ይለኛል። እንደ ሥራ ግሩም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላገኙም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የሚጠብቀው የአገሩን ዜጎችና ነዋሪዎች ድርሰት ብቻ ነበር፤ የውጭ አገር ደራስያን ጥበቃ ያገኙት በ1891 ዓ.ም. ነው። ጋዜጦቹ ሕግ አልጣሱም። ጥያቄው፣ ሕግ ሳይጣስ የሰው ድካም ሊወሰድ ይችላልን የሚለው ነበር፤ ለዚህ የ1881 አንባብያን የሰጡት መልስ ጋዜጣውን መግዛት ነው።

ከዚህም የከፋው ኋላ መጣ። በሥራው የተባበሩት የአሜሪካ ሊቃውንት የራሳቸውን እትም ለ14 ዓመት ላለማውጣት ቃል ገብተው ነበር። በዚህ መካከል መጽሐፉ በአሜሪካ ጠባቂ ስላልነበረው፣ ልዩ ልዩ አሳታሚዎች የአሜሪካኖቹን አስተያየት በየራሳቸው መንገድ እያስገቡ ያትሙት ጀመር። አንባቢው የገዛው የትኛውን ቃል እንደ ሆነ ማወቅ አልቻለም። ስለዚህ አሜሪካኖቹ በ1901 ዓ.ም. የራሳቸውን እትም ሲያወጡ በቶማስ ኔልሰን ድርጅት ስም አስመዘገቡት፤ ምክንያቱም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቃሉ እንዳይበረዝ መጠበቅ መሆኑን በርእሱ ገጽ ጀርባ አስታወቁ። የባርከር ዘመን ክርክር በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ይቻላል። የዚህ እትም መብት በ1957 ዓ.ም. አበቃ፤ ዛሬ ማንም ይጠቅሰዋል፣ ያትመዋል፣ ያርመዋል። ከርሱም ላይ ሌሎች ትርጉሞች ተሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ ከጅምሩ ለሁሉ ነጻ ተደርገው የወጡ ናቸው።

በዚያው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ የለንደንና የቺካጎ ሰዎች ገና ስለ መብት ሳይሟገቱ፣ አንድ የጎጃም ሰው በካይሮ ከተማ ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ እየተረጐመ ነበር። አቡ ሩሚ በሚል ስም የታወቀው ይህ መነኵሴ በ1750 ዓ.ም. ገደማ የተወለደ ሲሆን፣ ኢየሩሳሌምንና ከዚያም እስከ ሕንድ ያለውን አገር እንደ ዞረ ይነገርለታል። በካይሮ ታሞ በተቸገረ ጊዜ የረዳው በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል አሰለን ደ ሼርቪል ነው። ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው 10 ዓመት ሙሉ ሠሩ። አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ ቆንስሉ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከግሪክ ያስረዳዋል፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፋል። በመጨረሻ 9,539 ገጽ ሆነ፤ ሁሉም በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ ነው። ትርጉሙን የጨረሰው በሸመገለ ዕድሜው ነው፤ በ1819 ዓ.ም. በዚያው በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1820 ዓ.ም.፣ የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በዊልያም ጆዌት አማካይነት ጽሑፉን ከቆንስሉ በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ዓ.ም. በለንደን ታተሙ። በአርትዖቱ ብዙ የደከመው ቶማስ ፔል ፕላት አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍ ነበር። ይህ ትርጉም እየታረመ ከመቶ ዓመት በላይ የአማርኛ አንባብያን መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል።

1,250 ፓውንድ በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው። ቆንስሉንም መክሰስ አልፈልግም፤ ያለ እርሱ ገንዘብና ያለ እርሱ ትዕግሥት ሥራው አይጀመርም ነበር፤ ስለ አቡ ሩሚ የምናውቀውም አብዛኛው እርሱ ከተናገረው የተገኘ ነው። ነገር ግን ሽያጩን በዛሬ ሕግ ዐይን እንየው። የተሸጠው ምንድር ነው? ወረቀቱ ነው ወይስ ቃሉ? በብራናው ዘመን አስተሳሰብ የሄድን እንደ ሆነ የተሸጠው ንብረት 9,539 ገጽ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የገዛው ቆንስል ሊሸጠው ይችላል። በ1710 ሕግ አስተሳሰብ የሄድን እንደ ሆነ ግን፣ ደራሲው (እዚህ ላይ ተርጓሚው) ወይም ወራሾቹ ሳይጠየቁ ቃሉ አይሸጥም። እንግሊዝ ይህ ሕግ ከወጣ 110 ዓመት ሆኗት ነበር፤ አቡ ሩሚ ግን የሚኖረው በካይሮ ነው። የማንም ሕግ አልተጣሰም። ልክ እንደ ቺካጎው ማለት ነው።

በአገራችን የጽሑፍ ሕግ ይህን ጉዳይ በሰፊው የያዘው በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ይደነግጋል። እነዚህን አንቀጾች የተካው በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው፤ እርሱም በ2007 ዓ.ም. በዚሁ አቆጣጠር ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የትርጉም ሥራ ራሱን የቻለ ጥበቃ አለው፤ የጥቅም መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ለመጥቀስ ግን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጥቅሱ ከመልካም ልማድ ያልወጣና ከዓላማው ያልበለጠ ይሁን፣ ምንጩና የደራሲውም ስም ይጠቀስ ይላል። እንግዲህ በሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ አንዲት ቁጥር የሚያሳትም ወዳጃችን ደብዳቤ መጻፍ የለበትም። አንድን አዲስ የአማርኛ ትርጉም ሙሉ መጽሐፉን ገልብጦ የሚሸጥ ሰው ግን «የእግዚአብሔር ቃል ነው» በማለት አያመልጥም፤ ቃሉን በአማርኛ ያስቀመጡት ሰዎች ናቸውና።

«ደራሲው ሰው አይደለም» የሚለው ክርክር በእርግጥ በፍርድ ቤት ተሞክሯል። በለንደን በ1926 ዓ.ም. የተሰማው ክርክር የተነሣው ጄራልዲን ኩሚንስ የተባለች ሴት መንፈስ እየነገረኝ ጻፍሁት ባለችው የጥንት ዘመን ዜና መዋዕል ምክንያት ነው። አብሯት ተቀምጦ ጽሑፉን ይገለብጥና ያሰናዳ የነበረው ፍሬዴሪክ ብላይ ቦንድ መብቱ የእኔም ነው አለ። (ሰውየው በሙያው አርክቴክት ነበር፤ የሙያ ዘመዳችን መሆኑን ሳልደብቅ ልናገር።) ዳኛው ሥልጣናቸው እስከ ወዲያኛው ዓለም እንደማይዘልቅ በቀልድ አስታውቀው፣ መብቱን ብዕሩን ለያዘችው ለሴቲቱ ፈረዱ። በአሜሪካም በ1997 ዓ.ም. የዩራንቲያ መጽሐፍ የተባለውን፣ ከሰማያውያን ፍጡራን ተገኘ የሚባለውን ጽሑፍ በሚመለከት አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ነገር ወሰነ። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ የመረጡትና ያደራጁት ሰዎች ከሆኑ ሕጉ የሚያየው እነርሱን ነው። የዚያ መጽሐፍ መብት ኋላ በሌላ ክርክር የወደቀው በመንፈሳዊ ምክንያት ሳይሆን እድሳቱ በአግባቡ ስላልተፈጸመ ነው። ፍርድ ቤት ስለ ሰማይ ዝም ብሎ ስለ ወረቀት ይናገራል።

ከሁሉ የከበደው ክርክር ግን በእስራኤል አገር የተደረገው ይመስለኛል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት የጥንት ጽሑፎች መካከል አንዱ፣ ስለ ሕገ ኦሪት ሥርዐት የሚናገር መልእክት፣ ተቦጫጭቆ ከ60 እስከ 70 በሚደርሱ ቁርጥራጮች ቀርቶ ነበር። ጆን ስትራግኔል ቁርጥራጮቹን ለቅሞ ያዘ፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ኤሊሻ ኪምሮን ግን 11 ዓመት ደክሞ የጐደለውን እየሞላ 121 መስመር አድርጎ መለሰው። ከማሳተሙ በፊት፣ በ1991 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በሄርሼል ሻንክስ አሳታሚነት በወጣ መጽሐፍ ውስጥ የተሞላው ጽሑፍ ያለ ፈቃዱ ታተመ። የአሳታሚው ክርክር ቀላል ነበር፤ ጽሑፉ ከ2,000 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፣ ደራሲው ሞቷል፣ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን ደብቀው ይዘውታል፣ ለዓለም መገለጥ አለበት። ከዚህ ክርክር ግማሹን እቀበላለሁ። ጽሑፎቹ ለ40 ዓመት ያህል በጥቂት ሰዎች እጅ መያዛቸው አሳፋሪ ነበር። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2000 ዓ.ም.፣ የጥንቱ መልእክት የማንም ባይሆንም፣ ቁርጥራጮቹን የማገጣጠምና ባዶውን የመሙላት ሥራ የኪምሮን ነው ብሎ፣ 100,000 ሸቀል እንዲከፈለው የተወሰነውን ፍርድ አጸና።

በዚያ ክርክር ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በመጽሐፉ መቅድም ላይ ጽሑፉ በስትራግኔልና «በአንድ ባልደረባው» እንደ ተፈታ ተገልጾ ነበር። 11 ዓመት የደከመው ሰው «አንድ ባልደረባ» ተባለ። ፍርድ ቤቱ ካሳ ካሰላባቸው ነገሮች አንዱ ይህ የስም መጥፋት ነው። ቲንዴል «ቶማስ ማቲው» ተባለ፤ ኪምሮን «አንድ ባልደረባ» ተባለ፤ የአቡ ሩሚን ስም ደግሞ የእርሱን ቃል በየቤቱ ካነበቡት ስንቶቹ ያውቁታል? የኪምሮን መብት በፍርድ ተመለሰ፤ የሁለቱን የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም፤ የጥቅም መብታቸው ዘመንም ቢሆን ከጥንት ያለፈ ነው።

በየመጽሔቱና በየመጽሐፉ ስንጠቅስ ምዕራፉንና ቁጥሩን በጥንቃቄ እንጽፋለን፤ የማን ትርጉም እንደ ሆነ ግን አንጽፍም። በእጃችን ያሉት የአማርኛ ትርጉሞች ብዙ ናቸው፤ በ1954 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው አለ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡትም አሉ። ቃላቸው አንድ አይደለም። ቁጥራቸውም እንኳ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው የእረኛው መዝሙር በግእዙ መዝሙረ ዳዊት 22ኛው ሲሆን በዕብራይስጡ አቆጣጠር 23ኛው ነው። «መዝ. 22» ብሎ የጻፈና የትርጉሙን ስም የተወ ሰው አንባቢውን ወደ ሁለት የተለያዩ መዝሙሮች ይልከዋል። የትኛው እትም እንደ ሆነ ያልተጻፈበት ንድፍ ወደ ሥራ ቦታ ሲላክ ምን እንደሚሆን ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያስፈልገኝም።